የአክስቴ ጣሳ ስንት ያወጣል? እንከን ያለባቸውን የመታሰቢያ ሳንቲሞችና የድሮ ብሮች ዋጋ የማውጣት ማስታወሻ፣ ከደሴ

እሁድ ማታ

ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ አንድ ጣሳ ሳንቲም አላት። ባሏ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሲሠራ የገዛቸው የመታሰቢያ ሳንቲሞች አሉበት፣ እሷ ደሞ ከናቷ የወረሰቻቸው ጠገራ ብሮች አሉበት፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲንኳኩ ነው እስከዛሬ የኖሩት። ሰሞኑን አንድ ደላላ መጥቶ ጣሳውን እንዳለ ሚዛን ላይ ገለበጠና በግራም አስልቶ "ሁሉም እንከን አለበት፣ እንደ ስብርባሪ ሲልቨር ጠቅልዬ እወስደዋለሁ" አላት። "ቆይ የወንድሜ ልጅ ይየው" ብላ መለሰችው። የወንድሟ ልጅ እኔ ነኝ። ደሴ ፒያሳ ሞባይል እጠግናለሁ እንጂ የሳንቲም ነጋዴ አይደለሁም፣ ግን የቦርድ ማይክሮስኮፕ አለኝ፣ የግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን አለኝ፣ ትዕግስትም አለኝ፣ ስለዚ ጣሳውን ይዤ በሀረጎ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ውስጡ ያለው ይሄ ነው፦ ሦስት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት ጠገራ ብር)፣ አንዷ ማንጠልጠያ የተበየደባት፣ አንዷ አናቷ ላይ የተበሳች፣ አንዷ ደሞ ታሽታ ታሽታ ፊቷ ልሙጥ ሊሆን የደረሰ። አንድ የምኒልክ ብር ባለ 1889፣ እሱም ድሮ ማንጠልጠያ ነበረው፣ ተነቅሎ የብየዳው ጠባሳ ቀርቷል። አንድ ባለ 20 ብር የሲልቨር ሳንቲም፣ የ1972ቱ የዓለም አቀፍ የሕፃናት ዓመት መታሰቢያ። ሁለት ባለ 2 ብር፣ የ1974ቱ የዓለም ዋንጫ መታሰቢያ፣ ያ ስፔን የተካሄደው። ከዛ ትንሽ የ1936 ሃምሳ ሳንቲሞች፣ የጃንሆይ ምስል ያለባቸው።

የደላላው አነጋገር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው፣ "ሁሉም እንከን አለበት"። እውነቱን ነው ሁሉም አለበት። ግን እንከን ከሁሉም እኩል ይቀንሳል ወይ?

ሰኞ

ደንበኛ ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ ስመዝን ዋልኩ። ማርትሬዛ ስትመታ 28.07 ግራም ናት፣ ከሺህ 833 እጅ ሲልቨር፣ ያ ማለት ንጹህ ሲልቨሯ 23.4 ግራም አካባቢ ነው። የኛዎቹ፦ ልሙጧ 27.80፣ የተበሳችው 27.60፣ ባለ ማንጠልጠያዋ ከነማንጠልጠያዋ 30.60። የምኒልኩ ፓሪስ ሲመታ 28.075 ነበር፣ ከሺህ 835፣ አሁን 27.70 ላይ ነው። ሃምሳ ሳንቲሞቹ መጀመሪያ 7.03 ግራም ከሺህ 800 ናቸው፣ ዛሬ አብዛኞቹ 6.80 አካባቢ ይነበባሉ። የ20ው ብር 23.3፣ ከሺህ 925።

ከዛ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ጠንካራ ማግኔት አለኝ፣ አንዱንም አልሳበም። ግን እዚ ላይ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው "ማግኔት ካልሳበው ሲልቨር ነው" ይላል፣ ስህተት ነው፣ የኳሱ ባለ 2 ብር ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ ነው፣ እሱንም ማግኔት አይስበውም። ማግኔት ብረት የሆነውን ፌክ ያጋልጣል፣ ከዛ በላይ አይነግራችሁም።

የሚነግራችሁ ውሃ ነው። ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ የብርጭቆውን ግድግዳም ታቹንም ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ሚዛኑ የሚያነበው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ነው። የደረቅ ክብደቱን ለዛ ቁጥር ታካፍላላችሁ፣ የሚወጣው ሳንቲሙ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው። ልሙጧ ማርትሬዛ 27.80 ሲካፈል ለ2.73፣ 10.18 መጣ። ለ833 ሲልቨር የሚጠበቀው 10.2 ገደማ ነው፣ እሰይ። የ20ው ብር 10.3 አለፍ አለ፣ እሱም ልክ ነው። የኳሶቹ 8.9 ላይ ቆሙ፣ መዳብና ኒኬል የሚቆምበት ቦታ። ባለ ማንጠልጠያዋን በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም፣ ማንጠልጠያው ሌላ ነገር ስለሆነ ቁጥሩን ያበላሸዋል፣ እሷን በዓይንና በጠርዟ ጽሑፍ ነው ያመንኳት። ማርትሬዛ ጠርዟ ላይ ፊደል አላት፣ ድሮ ነጋዴዎች ብሯን ከመቀበላቸው በፊት የሴትዮዋን የጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር ይባላል፣ እኔም ማይክሮስኮፕ ስር ቆጠርኳቸው፣ ደስ ሲል።

አንድ ነገር ግን ወዲያው ታየኝ፣ ደላላው የኳሶቹን ሁለት ሳንቲሞች ከሲልቨሩ ጋር ደርቦ መዝኗቸዋል። ማንጠልጠያውንም ጭምር። ለጊዜው ዝም ብዬ ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ወለሉን አወጣሁ። ወለል የምለው ሳንቲሙ ምንም ቢጎዳ ከዛ በታች የማይወርድበትን ዋጋ ነው፣ ክብደት ሲባዛ በንጽህና ሲባዛ በሲልቨር የዕለት ዋጋ። የዕለቱ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ ስለዚ ለሒሳብ እንዲመቸኝ ብቻ ግራሙን 100 ብር ብዬ ያዝኩት፣ የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ የምትሸጡ ቀን የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

ልሙጧ ማርትሬዛ 27.80 ሲባዛ 0.833፣ 23.16 ግራም፣ 2,316 ብር። የተበሳችው 22.99 ግራም፣ 2,299 ብር። እዩት እስቲ፣ ቀዳዳው ከልሙጧ የለያት 17 ብር ነው። የምኒልኩ 23.13 ግራም፣ 2,313። የ20ው ብር 21.55 ግራም፣ 2,155። ሃምሳ ሳንቲም አንዱ 5.44 ግራም፣ 544። የኳሶቹ ወለል የላቸውም፣ መዳብና ኒኬል ሁለት ፍሬ ማንም በግራም አይገዛም፣ የሚገዛቸው የሚፈልጋቸው ሰው ካለ ብቻ ነው።

ወለል ማለት ግን እጅ ላይ የሚገባ ብር ማለት አይደለም። አቅላጭ ሲገዛ ለራሱ ትርፍና ለማጣሪያ ይቀንሳል፣ ስለዚ ከዚህ ላይ ሌላ ቅናሽ አለ፣ እሱ ደሞ በድርድር ነው።

ረቡዕ

ዛሬ የ20ው ብር ቀን ነበር፣ ሥራውም እዚ ላይ ነው የከበደው።

ይሄ ሳንቲም ለገበያ የተመታ አይደለም፣ ለሰብሳቢ የተመታ ፕሩፍ ነው። ፕሩፍ ማለት በተወለወለ ቅርጽና በተወለወለ ጥፍጥፍ ተመትቶ ሜዳው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ምስሉ ደሞ ደብዘዝ ያለ ነጭ የሚሆን ነው። ተባበሩት መንግሥታት 1979ን በፈረንጅ አቆጣጠር የዓለም አቀፍ የሕፃናት ዓመት ብሎ ሰየመ፣ ብዙ አገሮችም መታሰቢያ ሳንቲም አስመቱ፣ የኛው 1972 ዓ.ም. የሚል ቀን አለው። (ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በ1972ም፣ በ1979ም፣ በ1980ም ፈልጉ፣ ሻጮች ዓመቱን እንደመሰላቸው ነው የሚጽፉት፣ አንዳንዱ 1972 የሚለውን አይቶ በፈረንጅ መስሎት የጃንሆይ ዘመን ነው ብሎ ይለጥፈዋል።)

ማይክሮስኮፕ ስር ያለው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ መስታወቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣ ጥርት ብሎ፣ መታወቂያ ሊሠሩበት ይችላሉ። የጣት ላብና ቅባት ሲልቨሩን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ዓመታት ከቆየ ቅባቱን ብታስለቅቁትም መስመሩ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይቀራል። ሁለተኛ ጠርዙ አካባቢ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር። ሦስተኛ ጣሳ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ሲጋጭ የመጡ ጥቃቅን ጭረቶች።

አረንጓዴው የመጣው ከፕላስቲኩ ነው። ሳንቲሙ ባንድ ወቅት ለስላሳ የፒቪሲ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ቁራጩ አሁንም ጣሳው ውስጥ አለ፣ ፒቪሲ ሲያረጅ የሚለሰልስበት ዘይት ይወጣል፣ አሲድም ይለቃል፣ ያ ነው ሲልቨሩ ላይ አረንጓዴ የሚሆነው፣ ሙቀት ደሞ ያፋጥነዋል፣ ኮምቦልቻ ደሞ ታውቁታላችሁ።

ይሄኛው ይጸዳል። ንጹህ አሴቶን፣ ብርጭቆ ውስጥ (ፕላስቲክ ውስጥ ካደረጋችሁት ዕቃውን ያሟሟዋል)፣ በር ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ሽቶና ቅባት አለው። ሳንቲሙን ነክሬ ትንሽ አቆየሁት፣ ቀየርኩለት፣ ደገምኩ፣ በጥጥ እንኳን አልነካሁትም፣ አየር ላይ አደረቅኩት። አሴቶን ሲልቨሩን አይነካም፣ የላዩን ቆሻሻ ብቻ ነው የሚወስደው። አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ ሄደ፣ ስሩ ግን ትንሽ ቦታ ተበልቶ ደብዝዟል፣ እሱ አይመለስም።

ሌላውን ግን አልነካሁትም። ጎረቤቴ ስልክ ሽፋን የሚሸጠው ልጅ መጥቶ "በኮልጌት ፈትገው ያብራል" አለኝ። ያብራል፣ አዎ። የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ ሎሚ በቤኪንግ ፓውደር፣ ሁሉም ያበራሉ፣ የሚያበሩት ግን ላዩን ፍቀው ነው፣ ፕሩፍ ሳንቲም ደሞ ዋጋው ያለው ላዩ ላይ ነው። አንዴ የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ እጅ ሲገባ ገና መብራት ስር ሲያዘነብለው ያውቀዋል። የጠቆረ ሳንቲም ከተፈተገ ሳንቲም ይሻላል፣ ጥቁረት የሚወድም ሰብሳቢ አለ።

ሐሙስ

ዋጋ ፍለጋ። ኢቤይ (የፈረንጆቹ የኢንተርኔት ገበያ) ላይ "የተሸጠ" የሚለውን ማጣሪያ ካልነካችሁ የምታዩት የሰው ምኞት ነው፣ ሰው ማርትሬዛ ላይ የመኪና ዋጋ ሊጽፍ ይችላል፣ ማን ይከለክለዋል። የተሸጡትን ብቻ አየሁ፣ ፎቶውን ከኛው ጋር አስተያየሁ።

እዚ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የሳንቲም ዋጋ ሁለት ክፍል ነው፣ ወለሉና ከወለሉ በላይ ሰብሳቢ የሚጨምረው። እንከን ወለሉን እምብዛም አይነካም፣ የሚበላው የላዩን ነው። ስለዚ እንከን ስንት ይቀንሳል ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፣ መጀመሪያ የላዩ ስንት ነበር ነው ጥያቄው። ማርትሬዛ የላዩ ትንሽ ናት፣ ምክንያቱም 1780 የሚለው ቀን የሚሠራበት አይደለም፣ ንግሥቲቱ በ1780 ሞተች፣ ቀኑ እንደቆመ ቪየናም ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ሲመቱት ነው የኖሩት፣ በብዛት አለች። ብዙም የሚበላ የላይ ዋጋ ስለሌላት ቀዳዳው ብዙም አልጎዳትም። ፕሩፉ ተቃራኒ ነው፣ ንጹሁ ከወለሉ በላይ ጥሩ ይጨምራል፣ አሻራው ደሞ ቀጥታ ያንን ነው የሚመታው። የምኒልኩ ይብሳል፣ እሱ ንጹህ ሆኖ ከተገኘ የላዩ ከወለሉ እጅግ ይበልጣል፣ ስለዚ ጠባሳው ብዙ ወስዶበታል፣ ግን ብዙ ስለነበረው የተረፈውም ከስብርባሪ ይበልጣል።

ፈረንጆቹ ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሏቸው፣ ኤንጂሲ፣ ፒሲጂኤስ፣ ከ1 እስከ 70 ቁጥር ይሰጣሉ። የተበየደ፣ የተበሳ፣ የተፈተገ ከሆነ ግን ቁጥር አይሰጡትም፣ "ዲቴይልስ" ብለው ጉዳቱን ይጽፉበታል። ለኛ ጣሳ እዛ መላክ የማይታሰብ ነው፣ ክፍያው ከሳንቲሙ ይበልጣል። የቆየ ቅርስ የሚባል ነገር ደሞ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በቅርስ አዋጁ፣ በ209/1992፣ ክልክል ነው፣ ስለዚ የምኒልኩን ፖስታ ቤት ወስዶ መላክ የሚባል ነገር የለም። በሌላ አነጋገር ኢቤይ ላይ ያየሁት ቁጥር ደሴ ላይ የሚከፈል ቁጥር አይደለም፣ ለማወዳደሪያ ብቻ ነው።

የራሴን መለኪያ አወጣሁ፣ ሕግ አይደለም። ለፕሩፉ የንጹሁን የላይ ዋጋ ወስጄ ለአሻራው ግማሹን ጣልኩ፣ ለተበላው ቦታ ከቀረው ላይ ደግሞ ግማሹን። የላይ ዋጋው ሩቡ ቀረ፣ ሲደመር ወለሉ። ለምኒልኩ ከላዩ ሲሶውን ብቻ አስቀረሁ። ለተበሳችው ዜሮ። ሃምሳ ሳንቲሞቹ ብዙ ስለተመቱና ስላለቁ የላይ ዋጋቸውን ጭራሽ አልቆጠርኩትም።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ከጁምዓ በኋላ አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ጋ ሄድኩ። ባለ ማንጠልጠያዋን ገና ሲያዩዋት ፈገግ አሉ።

"አባባ፣ አንቱ ቢሆኑ ይቺን ስንት ይሏታል?"

"ለማን ነው የምትሸጣት?"

"ልዩነት አለው?"

"እንዴት አይኖረው ልጄ። ላቅላጭ ከሆነ እንዳለች ናት፣ ማንጠልጠያውን ቆርጦ ይጥልልሃል። ባቲ ከወሰድካት ግን ለአንገቷ የምትፈልግ ሴት አለች፣ ማንጠልጠያ የሌላትን ብትገዛ ለኔ ነው የምታመጣት፣ የብየዳ ትከፍለኛለች። ይቺ ሥራዋ አልቋል።"

ሐሙስ ማታ ያወጣሁትን ሠንጠረዥ ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ባለ ማንጠልጠያዋ ጎን "የላይ ዋጋ ዜሮ" ይላል። ለሰብሳቢ ዜሮ ነው፣ ልክ ነው። ለባቲ ገበያ ግን ያው ብየዳ የተከፈለበት ሥራ ነው፣ ተጨማሪ ነው። የተበሳችዋንም ጨምረው አዩዋት፣ "ቀለበት ብቻ ነው የሚጎድላት" አሉ፣ ያች እንኳን እንደ ማንጠልጠያዋ ባትሆንም መንገዷ ተጀምሯል። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፣ "ለጌጥ"።

የምኒልኩን ሲያዩ ጠባሳውን በሲልቨር ሞልቼ፣ ሞርጄ አስተካክልልሃለሁ አሉ። እጃቸው ወርቅ ነው፣ ይችሉታል፣ ግን አይሆንም አልኳቸው፣ ሰብሳቢ ከጠባሳ ይልቅ የተሸፈነ ጠባሳ ነው የሚያስፈራው፣ ጉዳቱን እያየ ሲገዛ ይተማመናል። "እሺ፣ ሳንቲሙ ያንተ ነው" አሉኝና ቡናቸውን አስቀዱልኝ።

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

ጣሳውን መለስኩ፣ አሁን ጣሳ አይደለም፣ እያንዳንዱ በወረቀት ፖስታ ነው፣ ላዩ ላይ ክብደቱና ጉዳቱ ተጽፎበታል። አቦሉ ተቀድቶ ለአክስቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። የደላላው ዋጋ ለሃምሳ ሳንቲሞቹና ለልሙጧ ማርትሬዛ ተገቢ ነው፣ ለነሱ ከዛ የተሻለ የሚሰጥ አይመጣም። ለምኒልኩ ግን በግራም መሸጥ ብክነት ነው። ለ20ው ብርም እንደዛው፣ አሻራም እያለበት፣ ልዩነቱ ያነሰ ቢሆንም። ባለ ማንጠልጠያዋ ደሞ ለደላላ አትሸጥም።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ደሞ አለ፣ የኳሶቹን ሁለቱን ከሲልቨሩ ጋር ደርቦ መዝኗቸዋል። ሲልቨር አይደሉም።"

"እና በኛ ዕዳ ነው በሱ?"

"በሱ ነው፣ እሱ ነው የሚከስረው።"

ትንሽ ዝም አለች፣ ከዛ "ንገረው" አለችኝ። "እሱ ሊበላኝ ቢያስብ የሱ ጉዳይ ነው፣ እኔ የሰው ሀቅ አልበላም።"

እዛው ደወልኩለት። ስለ ኳሶቹ ስነግረው መጀመሪያ አላመነም፣ ከዛ ሳቀ፣ ከዛ ደሞ ዋጋውን ወዲያው ዝቅ አደረገው፣ ይጠበቃል። ሃምሳ ሳንቲሞቹንና ልሙጧን በግራም ለብቻ ተስማማን፣ ከዕለቱ ዋጋ ትንሽ ቀንሶ። ስለ ምኒልኩ "እሱንም ጨምሩልኝ፣ እኔም ትንሽ እጨምራለሁ" አለ፣ ትንሽ የሚለው ከወለሉ ላይ ብዙም አልራቀም፣ እምቢ አልነው። አሁን የሚጠብቀው ሰብሳቢ ነው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ሊጠይቅልኝ ፎቶ ልኬለታለሁ፣ ጠባሳው የሚታይበትን ጎን ጭምር።

ባለ ማንጠልጠያዋንና የተበሳችዋን አክስቴ ራሷ ሰኞ ባቲ ትወስዳቸዋለች፣ እኔን አላስፈለጋትም፣ "አንተ ገበያ አታውቅም" አለችኝ። የ20ው ብር ካፕሱል (የሳንቲም መያዣ) እስካገኝለት ወረቀት ውስጥ እኔ ጋ ይቆያል። ኳሶቹን የልጅ ልጇ ወስዷቸዋል፣ ስፔን የት እንደሆነ እየጠየቀኝ ነበር።